ከሻገተው የእንጉዳይ ከረጢት ሲትሪክ አሲድና መድኃኒት ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄው፦ «ሱሉልታ ውስጥ አራት ሆነን ተደራጅተን የኦይስተር እንጉዳይ እናመርታለን። ከመቶ ከረጢት ከሃያ እስከ ሠላሳው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ እየያዘው እንጥለዋለን። በቅርቡ ሲትሪክ አሲድም፣ ፔኒሲሊንም፣ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሸጥ ኢንዛይምም ከሻጋታ እንደሚሠራ አነበብን። የምንጥለውን ሻጋታ ወደ ምርት መቀየር እንችላለን? አንድ ሰው ደግሞ እንጉዳዩን አድርቃችሁና ፈጭታችሁ ለስኳርና ለደም ግፊት መድኃኒት ነው ብላችሁ ብትሸጡት ያዋጣል ብሎናል። ያጠራቀምነው ገንዘብ አለ፤ ምን መሣሪያ እንግዛ?»

መልሱ፦ ከምትጥሉት ሻጋታ አንዱንም ማውጣት አትችሉም፤ ልትሞክሩም አይገባም። ያነበባችሁት እውነት ነው፤ የተሳሳተው ከእሱ የወሰዳችሁት ድምዳሜ ነው። ፈንገስ እርሾን፣ ሻጋታንና እንጉዳይን ጨምሮ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዝርያዎች የሚገኙበት ሰፊ ወገን ስለሆነ፣ «ከሻጋታ ይሠራል» ማለት «ከዕፅዋት ይሠራል» ከማለት አይለይም። ጤፍም አስተናግርም ዕፅዋት ናቸው፤ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ያሳብዳል። ሻጋታም እንዲሁ ነው፤ በቀለሙ ብቻ አይታወቅም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ አንዱ ዘር የሚሰጠውን ሌላው ዘር አይሰጥም።

ከአረንጓዴው ልጀምር። በእንጉዳይ ከረጢት ላይ መጀመሪያ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ ታይቶ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት የሚለብሰው ሻጋታ አብዛኛውን ጊዜ ትራይኮደርማ የሚባለው ነው። ፔኒሲሊን ከሚሰጠው ከፔኒሲሊየም ጋር በቀለም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። ከፔኒሲሊየም ወገን ቢሆንም እንኳ አትጠቀሙበትም ነበር። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ሻጋታ የሚሰጠው ፔኒሲሊን እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ መድኃኒቱ ለብዙ ሕሙማን የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ለውጡን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሻጋታውን በቆሎ ከተነከረበት ውኃ በተገኘ ዝቃጭ መመገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1943 በአሜሪካ ፒዮሪያ ከተማ ከሻገተ የሐብሐብ ዘመድ ፍሬ ላይ የተገኘ የተሻለ ዘር ነው። ያ ዘር በኤክስሬይና በአልትራቫዮሌት ጨረር እየተመታ፣ በየጊዜውም የበለጠ የሚሰጠው እየተመረጠ ዛሬ ፋብሪካዎች ወደሚጠቀሙባቸው ዘሮች ደርሷል። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሻጋታ የአሥርተ ዓመታት የምርጫ ውጤት ነው፤ እናንተ ከረጢት ላይ ያረፈው ግን ነፋስ ያመጣው ነው።

ሆኖም ስለ ትራይኮደርማ አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳንና ልብስ በፍጥነት እየበሰበሰ አስቸገረ። ምክንያቱ ሲመረመር ትራይኮደርማ ሬሴይ የተባለ ሻጋታ ተገኘ። ይህ ሻጋታ ሴሉሌዝ የሚባል፣ የጥጥንና የገለባን ዋና አካል ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም በብዛት ያመነጫል። የዚያ ሻጋታ ዝርያዎች ዛሬ ለዓለም የሴሉሌዝ ገበያ ዋና ምንጭ ናቸው። ጂንስን በድንጋይ ከማሸት ይልቅ በኢንዛይም ማለስለስና ማደብዘዝ የተቻለውም በዚህ ነው። እናንተ ዘንድ እንጉዳዩን የሚያስርበው አረንጓዴ ሻጋታ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንጉዳዩ የሚበቅልበትን ጭድ ቀድሞ የሚበላበት መሣሪያም ያው ኢንዛይም ነው። በፋብሪካ ታንክ ውስጥ ሲሆን ሀብት፣ በከረጢታችሁ ውስጥ ሲሆን ኪሳራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጥቁሩ ሻጋታ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያጓጓል፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ሲትሪክ አሲድ በአንድ ወቅት ከሎሚ ጭማቂ ይወጣ ነበር፤ ጣልያንም የገበያው ዋና አቅራቢ ነበረች። ጄምስ ከሪ የተባለ ኬሚስት አስፐርጊለስ ናይጀር የተሰኘው ጥቁር ሻጋታ በስኳር ውኃ ላይ ብዙ አሲድ እንደሚያመነጭ እ.ኤ.አ. በ1917 አሳየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፋይዘር በዚሁ ዘዴ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ። ዛሬ ዓለም በዓመት ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ ሲትሪክ አሲድ ያመርታል፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ማርማላታ፣ የሚፈላ ኪኒን፣ ሳሙና ሁሉ ይጠቀሙበታል። ይኸው ጥቁር ሻጋታ በቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሥር የምታዩት ጥላሸት የመሰለ ዱቄት ዘመድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ነው። ታዲያ ሽንኩርቱ ላይ ያለው ሻጋታ አሲድ በገንዳ የማይሞላው ለምንድን ነው?

ሻጋታው ሲትሪክ አሲድን የሚያፈስሰው ተመችቶት ሲያድግ አይደለም። ስኳሩ ከመቶ አሥራ አምስት እጅ አካባቢ ሆኖ እጅግ ሲበዛለት፣ አየር ያለማቋረጥ ሲነፋለት፣ ውኃው ገና ከመነሻው ኮምጣጣ አሲድ ሲሆንበት፣ በተለይም ማንጋኒዝ የሚባለው ብረት ነክ ማዕድን ፈጽሞ ሲታጣበት ነው። የማንጋኒዙ ልክ የሚለካው ከቢሊዮን እጅ በጥቂቱ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታው ረጃጅም ክር እየሠራ ይወፍራል፣ አሲዱን ግን ያቆማል። እንግዲህ በበርሜል ልትሠሩ ብታስቡ፣ የበርሜሉ ዝገት፣ የጉድጓድ ውኃውና ያልተጣራው ስኳር ሦስቱም ሥራውን ያበላሹታል። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ሞላሰስ እንጠቀም ብትሉም፣ ሞላሰስ በብረትና በማንጋኒዝ የተሞላ ስለሆነ እነዚህን የሚያዘቅጥ ኬሚካል በልኩ ሳይጨመርበት አይሠራም፤ ልኩ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ኬሚካሉ ሻጋታውን ይገድለዋል።

ይህ ሁሉ ተሳካ እንበል። በታንኩ ውስጥ ያለው ገና ሲትሪክ አሲድ የሚገኝበት ቡናማ ውኃ ነው። እሱን ነጭ የምግብ ዱቄት ለማድረግ ሻጋታውን ማጣራት፣ አሲዱን በኖራ ማዝቀጥ፣ ዝቃጩን በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ መፍታት፣ የሚወጣውን ጀሶ ማስወገድ፣ ቀለሙን በከሰል ማንሣት፣ በመጨረሻም አትንኖ ማርጋት ያስፈልጋል። በዚህ ኢንዱስትሪ ብዙውን ወጪና ድካም የሚበላው የማጣራቱ ክፍል ነው፤ ለትምህርት የሚጻፉ ጽሑፎች ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። ሰልፈሪክ አሲድ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚያዝ ነገር አይደለም፤ ተረፉ ጀሶም ከአሲዱ በክብደት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሒሳቡንም እዩት፤ የተካነ ፋብሪካ ከአንድ ኪሎ ስኳር የሚያወጣው ሲትሪክ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ግራም ነው። በችርቻሮ ስኳር ገዝቶ፣ ይህን ሁሉ ወጪ ጨምሮ፣ በመቶ ሺህ ቶን ከሚያመርቱ የቻይና ፋብሪካዎች ጋር በዋጋ መወዳደር ለአራት ሰው ማኅበር ቀርቶ ለትልቅ ባለሀብትም ፈታኝ ነው። ስለዚህ ሲትሪክ አሲድን ከሐሳባችሁ አውጡት።

ጥቁሩን ሻጋታ በሌላ በኩልም ፍሩት። ጥቁር አስፐርጊለሶች እርስ በርሳቸው በዓይን አይለዩም፤ አንዳንዶቹም ኩላሊትን የሚጎዳ ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ። ቢጫ አረንጓዴ የሆነው ዘመዳቸው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ደግሞ ጉበትን ለካንሰር የሚያጋልጠውን አፍላቶክሲን ይሠራል። ይህን የምጽፈው ሻጋታ የያዘውን ከረጢት ለላም ለመስጠት የሚያስቡ አምራቾች ስለሚያጋጥሙኝ ነው፤ በሱሉልታ ደግሞ ወተት የማይሸጥ ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት እርባታዎች የተደረጉ ጥናቶች በመኖ ውስጥ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ ውስጥ፣ አፍላቶክሲን በብዛት አግኝተዋል፤ በወተቱ ውስጥም ተገኝቷል። ላሚቱ የበላችው መርዝ በጉበቷ ተለውጦ ከፊሉ ወደ ወተቷ ይገባል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። የሻገተ ከረጢት ለከብት፣ ለዶሮም ሆነ ለበግ አይሰጥም፤ የሻገተውን ነቅሎ ጥሎ ከዚያው ከረጢት እንጉዳይ መልቀምም አይገባም።

አሁን ወደ «መድኃኒቱ» ልለፍ። እዚህ ላይ ቃሌን አላለሰልስም፤ ምክር የሰጣችሁ ሰው ወደ ወንጀልና ወደ ሰው ሕይወት አደጋ እየመራችሁ ነው። ከፈንገስ ታላላቅ መድኃኒቶች መውጣታቸው አያጠራጥርም። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ አፈር ከተገኘ ፈንገስ ወጥቷል። ኮሌስትሮል የሚቀንሱት ስታቲኖች የተጀመሩት ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ወደ 6000 የሚጠጉ ፈንገሶችን አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ ነው። ከአስፐርጊለስ ቴሬየስ የሚገኘው ሎቫስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ከወገኑ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ሆነ። ኦይስተር እንጉዳይ ራሱ ሎቫስታቲን በጥቂቱ እንዳለው ስለሚታወቅ፣ አማካሪያችሁ የሰማው ይህን ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ መጠኑ እንደ ዘሩ፣ እንደ ጭዱና እንደ አለቃቀሙ ይለያያል። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመምተኛ የእናንተን ዱቄት አምኖ ኪኒኑን ቢተው የሚደርስበትን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት ልክ መሆኑን ከእኛው አገር ታሪክ እንየው። ኤርጎት የሚባለው ፈንገስ በእህል ዘለላ ላይ የእህሉን ፍሬ ተክቶ፣ እንደ አይጥ ፋንድያ የመሰለ ጥቁር ቀንድ ሆኖ ያድጋል። በ1970 ዓ.ም ገደማ በወሎ ዋድላ ደላንታ ኤርጎት የያዘ ሲናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው እየተጨማደደ እግራቸው በጋንግሪን ተበላ፤ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። ከዚያው ፈንገስ የሚገኘው ኤርጎሜትሪን ግን እናት ከወለደች በኋላ የሚፈስሰውን ደም ለማቆም በመርፌ ይሰጣል፤ የተለመደው ልኩም 0.2 ሚሊግራም ነው። የደም ሥርንና ማኅፀንን የሚያጨማድደው ኃይል ያው ነው። አንዱን ገዳይ፣ ሌላውን አዳኝ ያደረገው ንጥረ ነገሩ ተለይቶ መውጣቱ፣ መመዘኑና በባለሙያ እጅ መሰጠቱ ነው። እናንተ ዘንድ ደግሞ መለየቱም መመዘኑም የለም። ያለ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማናቸውንም ነገር በመድኃኒትነት መሸጥ ክልክል መሆኑንም አትርሱ፤ በማሸጊያ ላይ «ይፈውሳል» ብሎ መጻፍም በዚያው ውስጥ ይወድቃል።

ከሦስቱ ሐሳቦቻችሁ ለእውነት የሚቀርበው ኢንዛይሙ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ሳይሆን ነገ ነው። ይህ ዘርፍ የተጀመረው በፉርሽካ ነው። ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በስንዴ ፉርሽካ ላይ ሻጋታ አሳድጎ ስታርችን የሚሰባብር ኢንዛይም በማውጣት እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት አገኘ። ዘዴው ትልቅ ታንክ አይፈልግም፤ የራሰ ፉርሽካ፣ ጠፍጣፋ ትሪ፣ ልከኛ ሙቀትና ንጹሕ ዘር ይበቁታል። በእኛ አካባቢም ገበያው አይጠፋም፤ የልብስ ፋብሪካዎች ሴሉሌዝ፣ ዳቦ ቤቶች ስታርች ሰባሪውን አሚሌዝ፣ የዶሮ መኖ አቀነባባሪዎች ደግሞ በእህል ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታውን ፋይቴዝ ይፈልጋሉ። እንጉዳያችሁም እያደገ ሳለ ላኬዝ የተባለ፣ ቀለምን የሚያጠፋ ኢንዛይም ወደ ጭዱ ያፈስሳል፤ የማቅለሚያ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ለማጽዳት በየላብራቶሪው የሚሞከረው ይህ ነው። ነገር ግን ፋብሪካ ኢንዛይምን በሊትር አይገዛም፤ የሚገዛው በተለካ የሥራ ኃይል ነው። ዛሬ ያቀረባችሁት ካለፈው ወር ጋር እኩል ካልሆነ ጨርቁ ይበላሽበታል። ያልተጣራ ፈሳሽ ኢንዛይም ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል፤ የባክቴሪያ መራቢያም ይሆናል። መለኪያና መለካት የሚያውቅ ሰው ሳይኖራችሁ አትጀምሩት። እጅግ ከፈለጋችሁት የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍል ካለው ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ያገለገለ ጭዳችሁን ለመመረቂያ ጥናት በመስጠት ጀምሩ።

በእጃችሁ ካለው ንጹሕ እንጉዳይ ዛሬውኑ ልታገኙት የምትችሉት አንድ ጠቃሚ ንጥረ ነገር ግን አለ፤ እሱም ቫይታሚን ዲ ነው። የእንጉዳይ ሕዋስ ኤርጎስቴሮል የሚባል ቅባት መሰል ነገር ይይዛል፤ ይህም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ወደ ቫይታሚን ዲ2 ይለወጣል። የተለቀመውን እንጉዳይ የታችኛውን ሽንሽን ገጽ ወደ ላይ ገልብጣችሁ በንጹሕ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ከዚያም በጥላ አድርቁት። በመስተዋት ውስጥ የሚያልፈው ብርሃን ለዚህ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው ጨረር በመስተዋቱ ተውጦ ይቀራልና። ትኩስ እንጉዳይ ከመቶ ዘጠና እጁ ውኃ ስለሆነ፣ ከአሥር ኪሎ አንድ ኪሎ ገደማ ደረቅ ታገኛላችሁ። ቫይታሚን ዲ በብዛት የሚገኘው በዓሣ፣ በእንቁላልና በመሳሰሉት እንስሳት ነክ ምግቦች ውስጥ በመሆኑ፣ በጾም ወራት ይህ ደረቅ እንጉዳይ ትርጉም ያለው ምግብ ነው። በላብራቶሪ ሳታስለኩ ግን መጠኑን በማሸጊያው ላይ አትጻፉ።

ከዚህ ተነሥቼ ቁርጥ ያለውን ምክሬን ልስጥ። ገንዘባችሁን ታንክ፣ መፍጫ ወይም ማሸጊያ ማሽን ላይ አታውሉት፤ የእንጉዳይ ዘር፣ ማለትም ጭድ ላይ የሚዘራውን በማሽላ ላይ ያደገ ንጹሕ እንጉዳይ፣ የምታመርቱበት ክፍል አቋቁሙበት። ንጹሕ ዘር መያዝ፣ ምግቡን ከማናቸውም ሌላ ሕይወት ማጽዳት፣ ሳይበክሉ ዘሩን ከምግቡ ጋር ማጋባት፣ በየቀኑ መመዝገብ፤ የፔኒሲሊኑም የሲትሪክ አሲዱም ፋብሪካ የቆመው በእነዚህ ላይ ነው። እነዚህን በጠርሙስ ማሽላ ላይ ያልተካነ በታንክ አይሠራቸውም። ሁለተኛው ምክንያት ኪሳራችሁ ነው፤ ከመቶ ሃያና ሠላሳ ከረጢት መሻገት የሚያስተክዝ ብቻ ሳይሆን የሚነግራችሁም ነገር አለው። በሚቀጥለው ዙር የሻገተውን ከመጣላችሁ በፊት ከረጢቱን ሳትከፍቱ ሻጋታው ከየት እንደ ጀመረ ተመልከቱ። ከዘሩ ፍሬዎች ዙሪያ ከተነሣ የገዛችሁት ዘር ተበክሏል። ከመሐል ወይም ውኃ ካቆረው ከታች ከተነሣ ጭዱ በደንብ አልተቀቀለም፣ ወይም ከመጠን በላይ ርሷል። ከአፉና ከቀዳዳዎቹ ከተነሣ የእጅ፣ የአየርና የዝንብ ጉዳይ ነው። ጭዱ ላይ ፉርሽካ የምትጨምሩ ከሆነም ለጊዜው ተዉት፤ በበርሜል እንፋሎት ብቻ በተቀቀለ ጭድ ላይ የተጨመረ ፉርሽካ ለትራይኮደርማ የተዘረጋ ማዕድ ነው።

ዘር በማምረት ላይ በሱሉልታ ከፍታ የሚገጥማችሁን አንድ ችግር ከአሁኑ እወቁት። ከ2500 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውኃ የሚፈላው ወደ 91 ወይም 92 ዲግሪ ላይ ነው። ይህ ሙቀት ለመደበኛ የጭድ ቅቀላ ይበቃል፤ በማሽላ ውስጥ ያሉትን የባክቴሪያ ስፖሮች (በጠንካራ ሽፋን ውስጥ የተኙ ባክቴሪያዎች) ግን አይገድልም። ስለዚህ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት ወይም አውቶክሌቭ ግዴታ ነው። እዚህም ላይ መመሪያ መጽሐፉን በጭፍን አትከተሉ። መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያነብ 121 ዲግሪ ደርሷል የሚባለው በባሕር ጠረፍ ነው፤ እናንተ ዘንድ በዚያው ንባብ የሚገኘው 116 ወይም 117 ዲግሪ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ውጤት የሚያስፈልገውን ጊዜ ወደ ሦስት እጥፍ ታደርሰዋለች። ድስቱ የተሠራበት ልክ የሚፈቅድ ከሆነ ግፊቱን ወደ 19 ከፍ አድርጉ፤ ካልፈቀደ ለባሕር ጠረፍ የሚመከረውን የአንድ ሰዓት ቅቀላ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት አድርሱት። ቫልቩን በክብደት መጫን ወይም በሽቦ ማሰር ግን ድስቱን ቦምብ ያደርገዋል። ግፊቱ ከመቆጠሩ በፊትም በውስጡ ያለው አየር በእንፋሎት ተገፍቶ እስኪያልቅ ቫልቩን ለአሥር ደቂቃ ያህል ክፍት ተዉት፤ አየር ከቀረ መለኪያው ያታልላችኋል።

ማሽላውን ስትቀቅሉ ፍሬው በጥፍር ሲጫን የሚበገር፣ ነገር ግን ያልፈነዳ መሆን አለበት፤ የፈነዳ ማሽላ ስታርቹን አፍስሶ ይጣበቅና ባክቴሪያ ይጠራል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥታችሁ፣ እፍኝ ሙሉ ይዛችሁ ስትለቁት እጃችሁን የማያረጥብ እስኪሆን ጠብቁ። በደረቁ ክብደት ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ንጹሕ ጀሶ መጨመር ፍሬዎቹ እንዳይያያዙ ይረዳል፤ ለግንባታ የሚሸጠውን ግን አትጠቀሙ። ንጹሕ እናት ዘር (ሌላው ዘር ሁሉ የሚባዛበትን መነሻ) ከምርምር ተቋም አግኙ። ሆለታ የሚገኘው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ለእናንተ ቅርብ ነውና በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። እናት ዘሩን በማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡ፤ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አታዛውሩት፤ በተዛወረ ቁጥር ይደክማል፣ ያልታየ ብክለትም ይከማቻል። በግቢያችሁ ወይም በእንጦጦ ጫካ የምታገኙትን እንጉዳይ ኦይስተር መስሏችሁ ለመዝራት አትሞክሩ፤ የሚመሳሰሉ መርዛሞች አሉ። የአገር ውስጥ የዱር ዘር ከውጭ ሰው ቢጠየቃችሁ ያለ ኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ አትስጡ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይከለክላችኋል።

ስለ ራሳችሁ ጤናም አንድ ነገር ልጨምር። ኦይስተር እንጉዳይ ሲያረጅ ስፖሩን (የሚራባበትን ረቂቅ ዱቄት) እንደ ነጭ ጭስ ይበትናል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለወራት የሚተነፍሰው ሰው ሳንባው ተቆጥቶ ሳል፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል። የቆቡ ጠርዝ ሳይዘረጋ፣ ገና ወደ ታች ታጥፎ ሳለ ልቀሙት፤ ለገበያም የሚመረጠው ያ ነው። ወደ ማብቀያ ክፍል ያለ ማስክ አትግቡ፤ አስም ያለበት ባልደረባ ካላችሁ ደግሞ የዘሩን ወይም የሽያጩን ሥራ ስጡት። አረንጓዴና ጥቁር የሆኑትን ከረጢቶች ክፍል ውስጥ አትክፈቱ፤ አፋቸውን አስራችሁ አውጡና ከማምረቻው ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ቅበሩ። ንጹሕ ሆኖ ምርቱን የጨረሰውን ጭድ ግን ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ ብስባሽ አድርጉት፤ ለዚህ እጅግ ጥሩ ነው።

ዘር ለመሸጥ መብቃታችሁን የምታውቁት እንዲህ ነው። አሥር ጠርሙስ ማሽላ እንደ ወትሮው አዘጋጅታችሁ፣ በግፊት ቀቅላችሁ፣ በማጋቢያው ሣጥን ውስጥ ክዳናቸውን እንደ ሥራው ጊዜ ከፍታችሁ፣ ምንም ዘር ሳትጨምሩ መልሳችሁ ዝጉ። ቀን ጽፋችሁ ሞቅ ባለ ክፍል ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ። በየቀኑ ተመልከቱ፤ የጎመዘዘ ሽታ፣ የሚያሟልጭ ፍሬ፣ ወይም የማናቸውም ቀለም ነጠብጣብ ብክለት ነው። አሥሩም እንደ ተዘጉ ንጹሕ ከቆዩ እናት ዘሩን አምጡና ጀምሩ። አንዱ እንኳ ከሻገተ ምክንያቱን አግኝታችሁ አሥሩንም እንደገና ሥሩ፤ እስከዚያ ድረስ ለማንም አምራች አንዲት ጠርሙስ አትሽጡ።